ቆሞ የሚያረጅ ንብረት፦ ጋምቤላ በሒሳብ መዝገብ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ራስ ምታት የሚሆን አንቀጽ አለው። በኢታንግ አቅራቢያ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ይከራያል ይላል። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ፊቱም ከ2,000 ሜትር አይበልጥም። እስከ መቼ? ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ጣቢያው በኋላ የቆመው ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ላይ ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው ከዚያው ነው።

እዚያ መጋዘን የሠራን ሰው የሒሳብ መዝገብ አስቡት። ግንቡ 40 ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ቦታው ግን ማንም ቀኑን በማያውቀው የፖለቲካ ክስተት ይለቀቃል። ታዲያ ወጪው በስንት ዓመት ተከፋፍሎ ይቀነስ? መልሱ የመጣው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ነው። ጣቢያው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ክረምትን ጠብቆ ይወርዳል፤ በጋ ሲሆን ወንዙ ይጎድልና መንገዱ ይዘጋል። በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት ብቻ የሚሠራ ንብረት እርጅናው የሚታሰበው በሠራበት ነው ወይስ በኖረበት? የዛሬው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፦ ንብረቱ ሥራ ፈቶ ቢቆምም እርጅናው አይቆምም። ልዩነት የሚኖረው ስሌቱ በሥራ ሰዓት ወይም በምርት መጠን ከሆነ ነው። ይህች አንዲት ድንጋጌ ስለ ጋምቤላ ብዙ ትናገራለች። እዚያ ከሥራ ብዛት ያለቀ ማሽን ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚያልቀው ቆሞ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ለዚህ ጽሑፍ ብዙ አይሰጥም። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ግዥና ሽያጭም አበቃ። ለጋምቤላ ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ንብረት አቦቦ ወረዳ ውስጥ ያለው የአልዌሮ ግድብ ነው። በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ የተገነባው ይህ ግድብ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል፤ 10,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣም ታስቦ ነበር። ግድቡ ቆመ፤ የሚጠጣው እርሻ ግን ለረጅም ዓመታት አልመጣም። በመንግሥት በጀት የተሠራ ነገር ገንዘቡ ሲወጣ በወጪነት ይመዘገባል፤ በየዓመቱ ስንት አረጀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደለሉ እየሞላ፣ ብረቱ እየዛገ፣ በማንም የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ አንድም መስመር አልነበረውም። የግል ድርጅት ቢሆን ኖሮ ኦዲተሩ ገና በሁለተኛው ዓመት ይህ ነገር አሁንም የተጻፈበትን ያህል ያወጣል ወይ ብሎ ያፋጥጠው ነበር።

ከዚያ የሊዙ ዘመን መጣ፤ ነገሩ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ፣ ባለሀብቱ የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ነው። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር ካሩቱሪ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር በኢታንግና በጂካዎ ለ100,000 ሄክታር ውል ተፈራረመ። ዘመኑ 50 ዓመት፣ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነው። 100,000 ሄክታር ማለት 1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

እስቲ በወረቀት እንሞክረው። የዓመቱ ኪራይ 2 ሚሊዮን ብር ነው። የእፎይታ ጊዜ ቢኖር እሱን ትተን፣ የ50 ዓመቱን ክፍያ በ10 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ብናመጣው 20 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የሊዝ ሒሳብ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ 16፣ ቢሆን፣ በሀብት ዓምድ የመጠቀም መብት ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ በሄክታር 200 ብር። ውሉ ሲፈረም በነበረው አሠራር ደግሞ ይህም አይጻፍም፤ ኪራዩ በየዓመቱ ወጪ ሆኖ ያልፋል፣ መሬቱ በመዝገብ ላይ ጭራሽ የለም። አሁን ከዚህ ጎን ትራክተር እናቁም። 50,000 ዶላር የሚያወጣ ትራክተር፣ ዶላር በ16 ብር ከ50 ሲሆን 825,000 ብር ነው። እንግዲህ የ1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት መብት ከ24 ትራክተር ጋር እኩል መዘነ ማለት ነው። የጋምቤላን እርሻ በሒሳብ መዝገብ ብቻ ያየ ሰው እርሻ ሳይሆን የማሽን መደብር ያየ ይመስለዋል። ኋላ ላይ መሬቱ ሳይታረስ ማሽኑ ለምን በዛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ በከፊል እዚህ አለ ብዬ አስባለሁ። በመያዣነት የሚቀርበውም፣ በእርጅና ስም ከግብር የሚቀነሰውም፣ ባንክ የሚያበድርበትም የሚቆጠረው ዕቃ እንጂ አፈሩ አልነበረም።

ያ ትራክተር ጋምቤላ እስኪደርስ ዋጋው ይጨምራል። ከጅቡቲ ወደብ በአዲስ አበባ በኩል ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በግዥ ዋጋው ላይ ይደመራል። ለኢንቨስትመንት ከቀረጥ ነፃ ከገባ ቀረጡ አይደመርም፤ ለሌላ ሲተላለፍ ግን ቀረጡ ተከትሎት ይመጣል። በጊዜው የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 ማሽኖችን በአንድ ቋት ከትቶ በየዓመቱ ከቀሪው ዋጋ 20 በመቶ ያስቀንስ ነበር። ኮምፒውተር 25 በመቶ፣ ሕንፃ ደግሞ በየግሉ 5 በመቶ ነው። የእኛ 825,000 ብር በመጀመሪያው ዓመት ወደ 660,000፣ በአምስተኛው ወደ 270,336 ይወርዳል። እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ዜሮ አይነካም። መረሬ አፈር ውስጥ ከጎማው በላይ ሰምጦ ክረምቱን ያሳለፈ ትራክተር ግን ይህን ቀመር አያውቅም።

2004 ዓ.ም. ሲገባ ባሮ ሞልቶ ወጣ። ካሩቱሪ የተጥለቀለቀውን በቆሎ ኪሳራ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ገለጸ። በዓለም አቀፉ ደረጃ በማሳ ላይ ያለ ሰብል በገበያ ዋጋ ስለሚተመን፣ እንዲህ ያለ ጎርፍ በቀጥታ የዓመቱን ውጤት ይመታል። ውኃውን ለመከላከል የሚሠራ የአፈር ግድብ ደግሞ መሬት ላይ የተሠራ ማሻሻያ ነው፤ ለግብር ሲባል በ5 በመቶ 20 ዓመት ይቀነሳል። 20 ዓመቱ ግን አልሞላም። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው ብሎ ውሉን ሰረዘ፤ ኩባንያው አልተቀበለውም። ትራክተር ተጭኖ ይሄዳል፤ የአፈር ግድብ ባሮ ዳር ይቀራል። ለዚህ ነው የማይንቀሳቀስ ማሻሻያ ዕድሜ ከሊዙ ዕድሜ መብለጥ የለበትም የሚባለው፤ የሊዙ ዕድሜ ራሱ የሚያስተማምን ከሆነ ነው እንጂ።

አልዌሮም በዚሁ ዘመን ተጠቃሚ አገኘ። የሼክ መሐመድ አል አሙዲ ሳዑዲ ስታር አቦቦ ላይ 10,000 ሄክታር ለሩዝ ተከራየ፤ የቀድሞውን የአቦቦ እርሻ ልማት ድርጅትም ከመንግሥት ገዛ። ይህኛው ለሒሳብ ሰው ከሊዙ ይልቅ ያጓጓል። የተገዛው ድርጅት ነው ወይስ የዕቃ ክምር? ሠራተኛው፣ አሠራሩ፣ ምርት የመስጠት አቅሙ አብሮ ከመጣ ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ንብረትና ዕዳ በገበያ ዋጋው ይተመንና ከዚያ በላይ የተከፈለው ጉድዊል ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። በሙሉው አይኤፍአርኤስ ጉድዊል በየዓመቱ ዋጋው መውደቁ ይፈተሻል እንጂ እርጅና አይታሰብለትም። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በወጣው ደረጃ ግን ይቀነሳል፤ ዕድሜው በትክክል ካልታወቀ ከ10 ዓመት አይበልጥም። ያረጀ ትራክተርና ባዶ መጋዘን ብቻ ከተረከቡ ደግሞ ጉድዊል የሚባል ነገር የለም፤ ዋጋው በዕቃዎቹ ላይ ተከፋፍሎ ያበቃል። የደከሙ የመንግሥት እርሻዎች ሲሸጡ ሁለቱን የሚለየው መስመር ፀጉር ያህል ነው።

ጎደሬ ላይ ቨርዳንታ ለሻይ በወሰደው 3,012 ሄክታር ደግሞ ሌላ ለውጥ ይታያል። ለዓመታት የሚለቀም የሻይ ቁጥቋጦ እንደ ሰብል በገበያ ዋጋ ይተመን ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ማሽን በወጪው ተመዝግቦ እርጅና ይታሰብለታል። ተክል ያረጃል ብሎ ለመጻፍ የሒሳብ ዓለም ይህን ያህል ዘገየ። ለአካባቢው የመዠንገር ቡና ለቃሚ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም።

ከካሩቱሪ ስረዛ በኋላ ወሬው ወደ አገር ውስጥ ባለሀብቶች ዞረ። ከ600 በላይ ባለሀብቶች ላይ የተካሄደው የመንግሥት ጥናት በ2009 ዓ.ም. ሲሰማ፣ አንዱ መሬት ለሁለት ሰው ተሰጥቶ ካርታው መደራረቡ፣ ከተሰጠው መሬት የታረሰው ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ያበደረው በዋናነት የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የባንኩ የተበላሸ ብድር ወደ 40 በመቶ የተጠጋ ሲሆን፣ በዝናብ የሚለማው ሰፋፊ እርሻ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጣል፤ ገዥ ከጠፋ ራሱ ይረከበዋል። በዚህ መንገድ የእርሻ መሣሪያ ባንክ እጅ ይገባል። ባንኩ ሊሸጠው እንጂ ሊያርስበት አልተረከበውም፤ ስለዚህ ለሽያጭ የተያዘ ንብረት ተብሎ እርጅናው ይቆማል፤ በምትኩ የመሸጫ ዋጋው ከመዝገብ ዋጋው ካነሰ ይወርዳል። በመዝገብ ላይ እርጅናው የቆመለት ማሽን፣ ግቢ ውስጥ ግን በጋምቤላ ሙቀትና እርጥበት ጎማው ይሰነጠቃል፣ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል።

ሕጉ በዚህ መካከል ብዙ ተራምዷል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርትን በሕግ አሰረ፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ፤ ባንኮችና ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ቀድመው ወደ አይኤፍአርኤስ ገቡ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ና ደንብ ቁጥር 410/2009 የቋቱን ስሌት ትተው በእኩል ቅናሽና በቀሪ ዋጋ ቅናሽ መካከል ምርጫ ሰጡ፤ ለሌሎች ንብረቶች 15 ወይም 20 በመቶ፣ ለኮምፒውተር 20 ወይም 25። የ1952ቱ የንግድ ሕግም በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። ከዓመት ወደ ዓመት የተሻለው ግን የግዥው ቀን አጻጻፍ ነው፤ የግዥው ማግስት እምብዛም አልተነካም።

ለምሳሌ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሆቴል ወይም ወፍጮ ቤት የሚሸጡትን ነጋዴዎች እንያቸው። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት፣ ብዙው እርጅና የሚባለውን በስሙም አያውቀው። ሲሸጥ ደግሞ ሕንፃው በሚያስገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ስላለ፣ ውሉ ላይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። ሻጩ ይስቃል፤ ገዥው ደግሞ ውለታ የዋለ ይመስለዋል። በእውነት የከሰረው ገዥው ነው። ለ20 ዓመት በየዓመቱ የሚቀንሰው 5 በመቶ ከተጻፈው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ የተደበቀው ገንዘብ እርጅና የለውም። እሱ ራሱ ሲሸጥም ጥቅሙ ተለጥጦ ይታያል።

ብሩም አልረዳም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በ20 በመቶ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ15 በመቶ ወረደ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ገበያው ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እርጅና የሚታሰበው በተገዛበት ዋጋ ነው። 825,000 ብር ተቀንሶ የተጠራቀመለት ድርጅት፣ ያንኑ 50,000 ዶላር ትራክተር ለመተካት ከ5 ሚሊዮን ብር በላይ ያስፈልገዋል። ንብረቱን እንደገና አስገምቶ ዋጋውን ማሳደግ በአይኤፍአርኤስ ይፈቀዳል፤ የ1994ቱ የግብር አዋጅ ግን በግምት በጨመረው ላይ የእርጅና ቅናሽ አይታሰብም ብሎ ነበር። ስለዚህ አንድ ትራክተር ሁለት ዕድሜና ሁለት ዋጋ ይዞ ይኖራል፤ አንዱ ለባለአክሲዮኑ፣ አንዱ ለገቢዎች።

የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቋሚ ንብረት በአካል የሚቆጠረውም በዚያው ሰሞን ነው። ደጋ ላይ ይህ ችግር የለውም። ኢታንግና ጂካዎ ላይ ግን መረሬው ውኃ መጠጣት የሚጀምረው፣ ባሮም መሙላት የሚጀምረው ያኔ ነው። ቆጣሪው ቅጹንና እስክሪብቶውን ይዞ አስፋልቱ እስካለበት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሽን ጥበቃው በስልክ ይነግረዋል፤ ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ ይነሣ እንደሆነ። ቆጣሪውም «በሥራ ላይ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል።