ተጨማሪ መረጃ፦ ያለ ክፍያ የሚገኙ የኮሌጅ መጻሕፍትና ጥናቶች

በአሜሪካ ሂዩስተን የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦፕንስታክስ የተባለውን የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ መጻሕፍቱ በመምህራን ተጽፈውና ተገምግመው በነፃ ይለቀቃሉ። ለእኛ አገር ተማሪ ትልቁ ጥቅም በፒዲኤፍ መውረዳቸው ነው። አንዱ ዋይፋይ ባለበት ካወረደው፣ በፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ይህ ደግሞ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ማባዛትን ይፈቅዳል። መምህሩም ምዕራፍ መቀነስ ወይም መጨመር ይችላል። ቢጨምር ደግ ነው፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ ኑሮ የተወሰዱ ናቸውና የጤፍና የቡና ገበያ ቢገባባቸው ለተማሪው ይቀርባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንኮርስዌር የትምህርት ማስታወሻዎችንና የፈተና ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ ብዙዎቹ መልስም አላቸው። ምዝገባ አይጠይቅም፤ ሰርተፍኬትም አይሰጥም።

የምርምር ጽሑፍ ለሚፈልግ አርካይቭ (arXiv) የተባለው ድረ ገጽ ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ ይጠቅማል። ሆኖም እዚያ የሚወጣው ጽሑፍ ገና በባለሙያዎች ያልተገመገመ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ይጠቀስ። የኢትዮጵያን ጆርናሎች የሚፈልግ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን፣ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን የሚፈልግ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጥናት ማከማቻ ይመልከት።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው የጤና ጥናቶች ማግኛ፣ ሂናሪ፣ ግን ለግለሰብ አይከፈትም፤ በተመዘገበ ተቋም በኩል ብቻ ነው። የጤና ተማሪ ከሆኑ የይለፍ ቃሉን ከኮሌጅዎ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።