የሉክሶይድ አይጦችና የማርጋሬት ግሪን መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1955 ጆርናል ኦፍ ሄረዲቲ የተባለው መጽሔት የእግራቸው አጥንት ስለተዛባ አይጦች አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱን የጻፉት ኮሎምበስ ከተማ በሚገኘው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ማርጋሬት ግሪን ናቸው። ለውጡን ሉክሶይድ አሉት። የተለወጠውን ዘረ-መል ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰች አይጥ የኋላ እግሯ አውራ ጣት ላይ ትርፍ አጥንት ይታይባታል። ከአባትም ከእናትም ከወረሰችው ግን የእግሯ አጥንት አጥሮና ተዛብቶ ትወለዳለች።

የዲኤንኤ ቅርጽ ከታወቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ያ የተበላሸ ዘረ-መል ምን እንደሆነ፣ ጤነኛ ሲሆንስ ምን እንደሚሠራ የሚነግር መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። መልሱ የተገኘው ከ49 ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው በወጉ ተመዝግቦ ባይቆይ ኖሮ፣ መልሱን ያገኙት ሰዎች ጥያቄ መኖሩንም ባላወቁ ነበር።

የኦሃዮና የቤተ ሙከራ አይጥ ትውውቅ ከግሪን ይቀድማል። የሜንዴል የውርስ ሕግ በ1900 እንደገና ሲገኝ፣ ሕጉ በአጥቢ እንስሳት ላይም መሥራቱን በአይጥ ከፈተኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሃርቫርዱ ዊልያም ካስል ናቸው። ካስል የተወለዱት በ1867 ከኮሎምበስ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ በገበሬ ቤት ነው። ተማሪያቸው ክላረንስ ኩክ ሊትል በ1909 ወንድምና እህት አይጦችን ማዳቀል ጀመረ። ይህ ለ20 ትውልድና ከዚያ በላይ ሲቀጥል አይጦቹ በዘረ-መል አንድ ዓይነት ለመሆን የቀረቡ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንዷ አይጥ ላይ የሚታይ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቀላል። ሊትል በ1929 በሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ የጃክሰን ቤተ ሙከራን መሠረተ። በጥቅምት 1947 ሰደድ እሳት ቤተ ሙከራውን ከነአይጦቹ ሲያወድመው፣ ቀደም ሲል ዘር የወሰዱ ተመራማሪዎች ከያሉበት አይጥ ልከው ዝርያዎቹ እንዲያንሰራሩ አደረጉ። የማርጋሬት ባለቤት ኧርል ግሪንም ከኦሃዮ ስቴት ተነሥተው በ1956 የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ማርጋሬትም ሥራቸውን በዚያው ቀጠሉ።

የዘረ-መልን ቦታ በዓይንና በእጅ ብቻ ማግኘት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ላሳይ። የዘር ሕዋስ ሲፈጠር ጥንድ ክሮሞዞሞች ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ዘረ-መሎች በዚህ ልውውጥ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ተቀራርበው የተቀመጡት ግን አብረው ይወረሳሉ። ስለዚህ አዳቅሎ መቁጠር ነው። ከ100 ግልገሎች በአንዱ ብቻ ከተለያዩ፣ ርቀታቸው አንድ ሴንቲሞርጋን ይባላል። የጸጉርን ቀለም የሚያደበዝዘው ዘረ-መልና አጭር ጆሮ የሚባለው 9ኛው ክሮሞዞም ላይ እጅግ ተቀራርበው ስለሚገኙ፣ ተለያይተው ለማየት በመቶዎች የሚቆጠሩ ግልገሎችን መመርመር ያስፈልጋል። ሉክሶይድም የተገኘው በዚሁ ክሮሞዞም ላይ ነው። በካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ለማኖር ሰው ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን ግልገል ጆሮ፣ ጸጉርና ጣት አይቶ መመዝገብ ነበረበት።

አጭር ጆሮ ግሪን ከሉክሶይድ አስቀድመው ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ ነው። ጆሮን የሚያሳጥረው ለውጥ ሌሎች የአጽም ክፍሎችንም እንደሚነካ በ1942 ከባለቤታቸው ጋር፣ በ1951 ደግሞ ብቻቸውን ባወጧቸው ጥናቶች አሳይተዋል። የእነ ዴቪድ ኪንግስሊ ቡድን በ1992 ምክንያቱን አገኘው፤ የተበላሸው አጥንትና ልም አጥንት እንዲያድጉ የሚያዝዝ ቢኤምፒ5 የተባለ ፕሮቲን ዘረ-መል ነበር።

እኔ ግን ከግሪን ሥራዎች ሁሉ የማስበልጠው መዝገባቸውን ነው። በዓለም ዙሪያ የሚገኘው የአይጥ ሚውቴሽን ሁሉ በየካርዱ ይገባ ነበር፦ ስሙና ምልክቱ፣ ማን የት እንዳገኘው፣ በእንስሳው ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሚመሰክርለት። ይህ ክምችት በ1981 እርሳቸው ባዘጋጁት ትልቅ የአይጥ ዝርያዎችና የዘረ-መል ልዩነቶች መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። በጃክሰን ቤተ ሙከራ እነ ቶማስ ሮደሪክና ሙሪየል ዴቪሰን ካርታውን ሲያሳድጉ ቆይተው፣ በ1994 የአይጥ ጂኖም ዳታቤዝ በኢንተርኔት ተከፈተ፤ ጃናን ኤፒግ ለረጅም ዓመታት መሩት። ዛሬም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል።

የዳታቤዙ ሠራተኞች ሥራ ማንበብ ነው፤ ያውም በጥርጣሬ ማንበብ። አንዱ ጽሑፍ በአንድ ስም የሚጠራውን ዘረ-መል ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ አንዳንዴም አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ዘረ-መሎች ይሰጣል። ደራሲዎቹ የትኛውን ዝርያ እንደተጠቀሙ ሳይጽፉ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ የሚያጠራው በሙያው የሠለጠነ ሰው ነው። ዘረ-መል የሚሠራውን ሥራ ሁሉም በአንድ ቃል እንዲጠራው በ1998 የዝንብ፣ የእርሾና የአይጥ ዳታቤዞች ተባብረው ጂን ኦንቶሎጂ የተባለውን የጋራ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። በታኅሣሥ 2002 የአይጥ ጂኖም ንባብ ሲታተም፣ በሰው ውስጥ ዘመድ ያልተገኘላቸው የአይጥ ዘረ-መሎች ከ1 በመቶ በታች መሆናቸው ታየ። ከዚያ ወዲህ የአይጥ መዝገብ ለሰው ሐኪምም የሚያስፈልግ ሰነድ ሆነ።

ወደ ሉክሶይድ ልመለስ። በ1993 የደም ካንሰር ተመራማሪዎች ሁለት ክሮሞዞሞቹ ተቆርጠው በተቀያየሩበት ሕመምተኛ ላይ ፒኤልዜድኤፍ የተባለ ዘረ-መል አገኙ። በ2000 ይኸው ዘረ-መል ሆን ተብሎ የጠፋባቸው አይጦች ሲፈጠሩ፣ የእግራቸው አጥንት ተዛብቶ ተወለዱ። ጥንቱን የተመዘገበው ያ እግር ነው። በ2004 ደግሞ በሲያትል የሮበርት ብራውን ቡድን ሉክሶይድን መርምሮ ይኸው ዘረ-መል የተቋረጠበት አይጥ መሆኑን አሳየ። ወንዶቹ ሉክሶይዶች ዕድሜያቸው ሲገፋ የዘር ፍሬ ማምረት ያቆማሉ፤ ምክንያቱም የዘር ፍሬ ግንደ ሕዋሳት ራሳቸውን መተካት ይሳናቸዋል። ዘረ-መሉ አሁን ዜድቢቲቢ16 ይባላል። የእግር ሐኪሙም፣ የደም ካንሰር ተመራማሪውም፣ መካንነትን የሚያጠናውም በየራሳቸው ስም ፈልገው የሚደርሱት እዚያው የዳታቤዙ ገጽ ላይ ነው።

ኮሎምበስ በዚህ የመመዝገብ ሙያ ባዕድ አይደለችም። ግሪን አይጦቻቸውን በሚመረምሩበት ዘመን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የዓለምን የኬሚስትሪ ጽሑፍ የሚያጠቃልለው ኬሚካል አብስትራክትስ ሰርቪስ ይሠራ ነበር፤ ከ1909 ጀምሮ ቤቱ ኮሎምበስ ነው። በ1967 ደግሞ የኦሃዮ ኮሌጆች የቤተ መጻሕፍት ካታሎጋቸውን ለማገናኘት ኦሲኤልሲን አቋቋሙ፤ መቀመጫው አሁን በኮሎምበስ ዳርቻ ደብሊን ከተማ ነው።

ለኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1976 የተቋቋመውና ዶክተር መላኩ ወረደ ለዓመታት የመሩት የኢትዮጵያ የዕፅዋት ጂን ባንክ ያስቀመጠው ዘር ብቻ አይደለም። የስንዴው ወይም የማሽላው ናሙና ከየትኛው ወረዳ፣ ከምን ያህል ከፍታ እንደተሰበሰበ፣ ገበሬው ምን ብሎ እንደሚጠራው አብሮ ተጽፏል። ጽሑፉ ከዘሩ ከተለየ ድርቅ የሚችለውን ዝርያ የሚፈልግ አዳቃይ ከየትኛው ከረጢት እንደሚጀምር አያውቅም። ሆኖም ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ ማግኘት በየአገሩ አስቸጋሪ ነው። በ2016 የአሜሪካ የጂኖም ምርምር ተቋም የአይጡን ጨምሮ የዋና ዋና ዳታቤዞችን በጀት በ30 በመቶ ገደማ ለመቀነስ ሲያስብ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳይንቲስቶች ፈርመው ተቃወሙ። ልክ ነበሩ። አዲስ ግኝት ሽልማት አለው፤ ግኝቱን ሌላው ሰው እንዲያገኘው አድርጎ ያስቀመጠ ግን ዓመት በዓመት በጀቱን መለመን የለበትም።

በ2008 ሐኪሞች የክንዱና የእጁ አጥንት ተዛብቶ፣ የመራቢያ አካሉም በወጉ ሳያድግ ስለቀረ አንድ ሕመምተኛ ጥናት አወጡ። የዘረ-መሉ አንዱ ቅጂ ጠፍቷል፤ የቀረው ደግሞ ሚውቴሽን ነበረበት። ዘረ-መሉ ዜድቢቲቢ16 ነው።