ከሠራዊት በኋላ ኤምቢኤ፦ መቼና እንዴት?

ከመከላከያ ተሰናብተው ናይሮቢ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች አዘውትረው ይጠይቁኛል፦ «ኤምቢኤ አሁኑኑ ልጀምር ወይስ ልቆይ?» ለሁሉም የምሰጠውን መልስ እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ሥራ ግቡ። አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት ሥሩ። ከዚያ ሥራውን ሳትለቁ ተማሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤምቢኤ ክፍል ውስጥ የአንድ ድርጅት ችግር ተጽፎ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ «ሥራ አስኪያጁ አንተ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ትባላላችሁ። መኮንን የነበረ ሰው መወሰን አያቅተውም። የሚጎድለው ደንበኛ ሲሸሽ፣ ባንክ ብድር ሲከለክል፣ ትዕዛዝ የማያሠራው ሠራተኛ በማሳመን ሲሠራ ማየት ነው። ይህን ሳያዩ የገባ ሰው ውድ ትምህርት በከንቱ ያልፈዋል።

አቶ መለስ ዜናዊም ከትጥቅ ትግሉ በኋላ ኤምቢኤያቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ሥራ ላይ ሆነው፣ በርቀት ተምረው ነው።

ልምዳችሁን አታሳንሱት። ሲቪያችሁ ላይ «የሻለቃ ሎጂስቲክስ መኮንን» ብቻ ብትጽፉ የናይሮቢ ቀጣሪ ምንም አይገባውም። አብዬን አስቡ፤ ሠራዊታችን ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. ሰላም ያስከበረበት ቦታ ነው። ዝናብ ሲገባ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል። ነዳጁ፣ ቀለቡ፣ መለዋወጫው ቀድሞ መከማቸት አለበት። ስንት ይበቃል? የት ይቀመጥ? የቱ ቶሎ ይበላሻል? ኤምቢኤ ላይ የክምችት አስተዳደር ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። ስለዚህ «መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ለብዙ መቶ ሰው የወራት ነዳጅና ቀለብ አቅጄ አቀርብ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። የሞምባሳን ወደብ፣ የኤምባካሲን ኮንቴይነር ማከማቻ፣ ጊጊሪ ያሉትን የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች የሚያውቅ ቀጣሪ ወዲያው ይረዳችኋል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ መንገዱንም ቁጠሩ። ስትራትሞር ማዳራካ ነው፤ ዩኤስአይዩ በቲካ መንገድ በኩል ሮይሳምቡ፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ደግሞ ሎወር ካቤቴ። ማታ የምትማሩ ከሆነ በ12 ሰዓት የቲካ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚያልቀው ጊዜ የጥናት ጊዜያችሁ ነው። ከሥራ ቦታችሁ የሚቀርበውን አስቀድሙ።

ገንዘቡን በሽልንግ አስሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቁጠባውን በብር ያሰላ ሰው ዕቅዱ ፈረሰበት። ደግሞ የተማሪ ፈቃድ ይዞ ተቀጥሮ መሥራት አይቻልም፤ ለቅጥር ክላስ ዲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። «እየተማርኩ ሥራ አገኛለሁ» ብሎ ባዶ እጅን መምጣት ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። እዚህ ሥራ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሠርቶ፣ ቆጥቦ መምጣት ይሻላል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ጀምሩ። በአገልግሎት ዘመናችሁ የወሰናችሁትን ሦስት ከባድ ውሳኔ ጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን አማራጭ ነበራችሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ወታደራዊ ምስጢር የሆነውን ተዉት። የማመልከቻው ድርሰትም የቃለ መጠይቁ መልስም ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ከጻፋችሁ በኋላ ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።