ሶፍትዌር በጅምላ ወይስ በችርቻሮ?

የዕቃ መመዝገቢያ፣ የሽያጭ ወይም የሒሳብ ሶፍትዌር ለማሠራት የሚነሳ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሊቆርጠው የሚገባ ጉዳይ አለ። ይኸውም የሥራው አካሄድ ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። ነባሩ «ዋተርፎል» የሚባለው ሲሆን፣ ፍላጎቱ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ ይፈረማል፤ ንድፉ፣ ግንባታውና ፍተሻው በተራ ይከተላሉ። ገዢው ዕቃውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች መርሑን የጻፉለት «አጃይል» ነው። በዚህኛው ሥራው ተከፋፍሎ በየጥቂት ሳምንቱ አንድ የሚሠራ ክፍል ይቀርባል። ቀጣዩ የሚወሰነው ገዢው ሞክሮ በሰጠው አስተያየት ነው። በገበያ ቋንቋ የመጀመሪያው የጅምላ፣ ሁለተኛው የችርቻሮ ግዢ ነው ማለት ይቻላል።

የጅምላው ጥቅም ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን ቁርጥ መሆናቸው ነው። ጉዳቱ ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ መመዝገቢያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013 በአንድ ጊዜ ተከፍቶ፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን የፈጸሙት 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል።

ሁለቱን ያጣመረ ምሳሌ ከሶፍትዌር ዓለም ውጭ በአገራችን ይገኛል። በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ዓላማው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። ግቡና ቀኑ እንደ ጅምላ ውል ቁርጥ ናቸው። አፈጻጸሙ ግን በሦስት ምዕራፍ ተከፍሎ፣ የመጀመሪያው የሙከራ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተካሄደ። ወደ ማስፋፊያው የተሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጋዴውም ከዚህ ሊማር ይችላል። የደመወዝና የግብር ሒሳብ ሕጉ የተጻፈ ስለሆነ በጅምላ ቢታዘዝ ብዙም አያሰጋም። በአንጻሩ የዋግን ማር ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ገዢ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር ቢታሰብ፣ ሰብሳቢው በስልኩ መመዝገብ ይመቸዋል ወይ? ኔትወርክ ሲቋረጥስ ሒሳቡ የት ይቀመጣል? ይህ በቢሮ ተቀምጦ የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ በአንድ የመሰብሰቢያ ጣቢያ ለአንድ ወቅት ሞክሮ መቀጠል ያዋጣል።

ችርቻሮም ቢሆን የራሱ ዕዳ አለው። ጠቅላላ ወጪው አስቀድሞ አይታወቅም፤ ባለቤቱም ከሥራው ጊዜ ቀንሶ በየክፍሉ መፈተሽ ይኖርበታል። በመሆኑም ውሉ የወጪ ጣሪያ ሊኖረው፣ ክፍያው ተሞክሮ ለተረከቡት ክፍል ብቻ ሊፈጸም፣ የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድም አብሮ ሊረከብ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ ውሉ መሐል ላይ ሲፈርስ በነጋዴው እጅ የሚቀረው የከፈለበት ደረሰኝ ብቻ ይሆናል።