የፍሬን ሸራ ማለቁን መኪና እንዴት ያስታውቃል?

ነጂው ፍሬን በረገጠ ጊዜ የፍሬን ዘይት ፒስቶኑን ይገፋዋል፤ ፒስቶኑም ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው የብረት ዲስክ ላይ ያጣብቃቸዋል። በሰበቃው ምክንያት የመኪናው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሸራውም ጥቂት በጥቂት እየተፋቀ ይሳሳል። አዲስ ሳለ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍረው ሸራ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው መለወጥ አለበት፤ አለዚያ መደገፊያው ብረት ከዲስኩ ጋር ይፋጫል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያወርደው መንገድ ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ሸራው ግን ከቸርኬው በስተጀርባ ተሸሽጎ ስለሚኖር ነጂው አያየውም፤ ስለዚህ ማለቁን የሚያስታውቅ ዘዴ ተበጀለት።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ከሸራው መደገፊያ ጋር የተያያዘች፣ ምላስ የምትመስል ቀጭን ብረት ናት። ሸራው ሲሳሳ ጫፏ ዲስኩን ትነካና ጎማው በዞረ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ትላለች። ኤሌክትሪክ አያሻትም፤ ዋጋዋም ኢምንት ነው። ሆኖም መስኮት ዘግቶ ራዲዮ ለከፈተ ሰው ጩኸቷ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለት ተቃራኒ አሠራሮች አሉት፤ እኛንም ይበልጥ የሳበን ይኸው ነው። በቀድሞዎቹ መርሴዲሶች በሚገኘው ዓይነት አንዲት ሽቦ በሸራው ውስጥ ተቀብራለች፤ ሸራው አልቆ ሽቦዋ ዲስኩን ስትነካ ኮረንቲው መንገድ ያገኝና በነጂው ፊት መብራት ይበራል። በሌላው ዓይነት ግን ኮረንቲው ሁልጊዜ በሽቦ ቀለበት ውስጥ ይዞራል፤ ዲስኩ ቀለበቱን ፍቆ ሲበጥሰው መብራቱ ይበራል። ሽቦው በድንጋይ ወይም በጭቃ ቢበጠስስ? ፊተኛው ሸራው ቢያልቅም ዝም ይላል፤ ኋለኛው ሸራው ሳያልቅ ይጮኻል። በከንቱ መደንገጥ ሳይደነግጡ ገደል ከመግባት ስለሚሻል እኛ ኋለኛውን እንመርጣለን። በአዳዲሶቹ ቢ ኤም ደብሊው መኪናዎች ቀለበቱ በሁለት ደረጃ ይበጠሳል፤ ከመጀመሪያው መበጠስ በኋላ ኮምፒዩተር የተነዳውን ርቀትና ሌላውንም ሁኔታ አይቶ ስንት ኪሎሜትር እንደቀረ ይገምታል።

የፍሬን ዘይቱም ራሱ በተዘዋዋሪ ይመሰክራል። ሸራው በሳሳ መጠን ፒስቶኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ይላል፤ ተንሳፋፊውም ቀዩን መብራት ያበራል። ነገሩን ሳይመረምር ዘይት የሚጨምር ሰው መብራቱን ያጠፋል እንጂ ሸራውን አያወፍርም። በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስቶኑ ወደ ቦታው ስለሚመለስ የተጨመረው ዘይት ሞልቶ ይፈስሳል፤ ቀለምም ያበላሻል።

ከአንድ ጋራዥ ተጥለው ያገኘናቸውን ያንድ ጎማ ሁለት ሸራዎች ለክተን ነበር። የውጭው 6 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ የውስጡ ግን 1 ሚሊሜትር እንኳ አልሞላም። መንጋጋውን የሚያንሸራትተው ዘንግ ዝጎ ስለ ተያዘ ሥራው ሁሉ በአንዱ ላይ ወድቆ ነበር። ምላሲቱ የነበረችው በውጭው ላይ ስለ ሆነ አልጮኸችም። ኤሌክትሪክ ባላቸው መኪናዎችም ብዙውን ጊዜ ጠቋሚው የሚገጠመው ከፊት ባንድ ጎማ፣ ከኋላም ባንድ ጎማ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ጎማዎች የሚሆነውን አያውቅም።

ከዚህ የሚብሰው ሰው ሠራሽ ዝምታ ነው። ሸራ በተለወጠ ጊዜ የተበጠሰው ጠቋሚም አብሮ መለወጥ ሲገባው፣ ወጪ ለማዳን ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አገናኝተው የሚጠቀልሉ መካኒኮች አሉ። ቀለበቱ ስለ ተዘጋ መብራቱ ይጠፋል፤ ከእንግዲህ ወዲያም ሸራው እስከ ብረቱ ቢያልቅ አይበራም። መኪናውን ቆይቶ የሚገዛው ሰው ይህን በምን ያውቃል? ጎማውን አውልቆ ሸራዎቹን በዓይኑ ማየት አለበት፤ የኋላው ፍሬን ባለ ታምቡር ከሆነም ታምቡሩን ማስከፈት ነው።