የኢንሄለር ቁሳቁስ ደህንነት ምዘና

የኢንሄለር ቁሳቁስ ደህንነት ምዘና፣ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ዕቃ ራሱ ታካሚውን እንዳይጎዳ የሚደረግ ምርመራ ነው። ጣሳውን፣ ቫልቩንና አፍ ላይ የሚደረገውን ፕላስቲክ ይመለከታል። የኔቡላይዘርና የዓይን ጠብታ ዕቃዎችም በተመሳሳይ መንገድ ይመረመራሉ።

አስፈላጊነቱ

የአስም ታካሚ ኢንሄለርን በየቀኑ ለዓመታት ሊጠቀም ይችላል፤ የሚስበው መድኃኒትም በቀጥታ ሳንባው ላይ ያርፋል። ግፊት ባለው ኢንሄለር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጋዝ፣ አንዳንዴም አብሮት ያለው አልኮል፣ ከቫልቩ የጎማ ማሸጊያ (ጎሚኒ) ኬሚካሎችን ሊያሟሟ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ናይትሮሳሚኖች ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው።

አመዛዘኑ

በመጀመሪያ የዕቃው ክፍሎች በጠንካራ ሟሟ ተዘፍዝፈው ሊወጣ የሚችለው ሁሉ ይለያል። ቀጥሎ መድኃኒቱ በዕቃው ውስጥ እስከ አገልግሎት ዘመኑ ማብቂያ ተቀምጦ በተጨባጭ የፈለሰው ይለካል። በመጨረሻም የመርዝ ጥናት ባለሙያ ታካሚው በቀን የሚደርሰውን መጠን ያሰላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን ያቀረበው የጥንቃቄ ወለል በቀን 0.15 ማይክሮግራም ነው። ለምሳሌ 200 ፓፍ ያለው ጣሳ በቀን 8 ፓፍ ቢወሰድበት 25 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው በአንድ ጣሳ ውስጥ 3.75 ማይክሮግራም የሆነን ኬሚካል ለይቶ ማየት መቻል አለበት። ናይትሮሳሚኖች ግን በዚህ ወለል አይዳኙም፤ ለብቻቸው ይመረመራሉ። የመተንፈሻ መሣሪያዎች አየር የሚያልፍባቸው ክፍሎች በአይ.ኤስ.ኦ. 18562 ደረጃ ይመዘናሉ።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ ገበያ ያሉት ኢንሄለሮች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። መድኃኒትን የሚመዘግበው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኙት የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሳንባ ሕመምተኞችን ያክማሉ። ከጎሚኒ የፈለሰን ኬሚካል ታካሚውም ሆነ ፋርማሲስቱ በዓይኑ ሊያይ ስለማይችል፣ መከላከያው በምዝገባ ወቅት የአምራቹን ሰነድ መመርመር ነው።

በቤት ውስጥ

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተዘጋጀ ስፔሰር ለማይገኝላቸው ሕፃናት ከአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ መሥራት እንደሚቻል ይመክራል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ ሊውል ይችላል፤ ጋዝ፣ በረኪና ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ግን ፈጽሞ አይሆንም። አዲስ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ሙል መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ስለሚያስቀር፣ በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ ታጥቦ ሳይወለወል አየር ላይ ይደርቃል።