አንዷ ደወል ዝም ስትል
(መነሻ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥14-27)

ዛሬ በእኛ ዘንድ ብዙም ስለማይታወቅ የዝማሬ ዓይነት ላወራችሁ ነው፤ ስለ እጅ ደወል ኳየር። “ደወል ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?” የሚል ይኖራል። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

በአሜሪካ ባሉ ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይ ለገናና ለትንሣኤ፣ መዘምራን ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተሰልፈው በነሐስ ደወሎች ጌታን ያመሰግናሉ። ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ያሉትን ትልልቅ ደወሎች የሚደውሉ ሰዎች፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ቤት ውስጥ በትንንሽ የእጅ ደወል ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ማርጋሬት ሸርክሊፍ የተባለች አሜሪካዊት ለንደን ላይ 10 ደወሎች ተበርክተውላት ወደ ቦስተን ይዛ ተመለሰች። በ1954 ደግሞ የአሜሪካ ደዋዮች ማኅበር ተመሠረተ።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ደወል የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዶ ከሆነ ዶ ነው፤ ሬ ልሁን ቢል አይሆንም። ሦስት ኦክታቭ ለመሙላት 37 ደወሎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህን 11 ሰው ገደማ ይካፈላቸዋል። እያንዳንዱ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ይይዛል፤ የቀሩት ጠረጴዛው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ብቻውን መዝሙሩን መጫወት አይችልም!

ይህ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እምቢልታን አስቡ። በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው።

አንድ ደዋይ ከቀረ ምን ይሆናል? መዝሙሩ ይቀጥላል፤ ግን ያቺ ድምፅ በምትመጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ሰሚው ማን እንደጎደለ ባያውቅም ዜማው ሲያነክስ ይሰማዋል። ጳውሎስ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፦ እግር እጅ ስላልሆነ ከአካል አይወጣም፤ ደካማ የሚመስለውም ብልት የግድ ያስፈልጋል።

እኔ ራሴ በዚህ ተወቅሻለሁ። ሁልጊዜ ማልዳ መጥታ ወንበር የምትወለውል አንዲት እናት ነበረችን። ማይክ የያዘውን ሁሉ በስሙ ሳመሰግን እሷን አንድ ቀን አላመሰገንኩም። መቅረቷን ያወቅሁት በሦስተኛው እሁድ፣ ወንበሩ አቧራ ለብሶ ሳየው ነው። ቤቷ ስንሄድ ታማ ተኝታለች። “ምነው እማማ፣ ሰው አይላኩብንም?” አልኳት። “ፓስተርዬ፣ የሚፈልገኝ አለ ብዬ መቼ አሰብኩ” አለችኝ። ወገኖቼ፣ ያን ቀን አፈርኩ። ደወሏ ሦስት እሁድ ዝም ስትል እኔ ዜማው ሙሉ መስሎኝ ስሰብክ ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። ደዋይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው፤ ግን ተኝቶ አይደለም፤ ምቱን እየቆጠረ ነው። ያለ ተራው ከደወለ ያበላሻል። ስለዚህ በሕመም ወይም በእርጅና ቤት የዋላችሁ፣ “አገልግሎቴ አበቃ” አትበሉ። እየጸለያችሁ ቁጠሩ፤ ጌታ ተራችሁን ያውቃል። ደግሞም ደዋይ ደውሎ ሲጨርስ ደወሉን ትከሻው ላይ አስጠግቶ ድምፁን ያቆማል። ካላቆመ የሚቀጥለውን ሰው ድምፅ ይውጠዋል። እኛ ሰባኪዎችና ዘማሪዎች፣ ይህችን እንስማ! መጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም አገልግሎት ነው።

ደወል ግዙ እያልኩ አይደለም። ያለ ፍቅር ከሆነ፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 እንደተጻፈው፣ እኛው ራሳችን ባዶ ናስ ነን። የምለው ይህን ነው፦ “እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?” ብላችሁ ከኅብረት የራቃችሁ፣ የእናንተን ድምፅ ሌላ ሰው አይሰጠውም፤ ተመለሱ። በኅብረት ያላችሁ ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት አጠገባችሁ የጎደለው ማን እንደሆነ ተመልከቱና በሩን አንኳኩ። እስከሚቀጥለው እሁድ አትጠብቁ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ የሰጠኸኝን አንዲት ድምፅ ስለ ናቅሁ ይቅር በለኝ። የወንድሜንና የእህቴን ዝምታ የምሰማበት ጆሮ ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።